ስምምነቱን እንፈርም



የህዳሴው ግድብ በተመረቀበት ዕለት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የመገንባት ዕቅድ ከተነገረ ወዲህ እዚህ ሶዶ ቡና በሚጠጣበት ሁሉ አንድ ክርክር ይነሳል። «ከጀመርን አይቀር ቦምቡንም እንሥራ፤ መሣሪያውን የተዉት ሊቢያና ዩክሬን የደረሰባቸውን አላያችሁም?» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ለአገር በማሰብ እንደሚናገሩ አልጠራጠርም። እኔ ግን ተቃራኒውን እላለሁ፤ ኢትዮጵያ የኒውክሌር ጦር መሣሪያን የሚከለክለውን ስምምነት ውላ ሳታድር መፈረም አለባት።

ይህ ሐሳብ ባዕድ አይደለም። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚህ መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብሎ ሲያውጅ፣ ሐሳቡን ያመነጨችው ኢትዮጵያ ነበረች። 55 አገሮች ደገፉ፤ አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ያሉባቸው 20 ተቃወሙ፤ 26 ድምፃቸውን አቀቡ። ፈረንሳይ በአልጄሪያ በረሃ ቦምቧን ማፈንዳት ከጀመረች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። በጣሊያን የመርዝ ጋዝ የነደደ ሕዝብ ልጆች እንዲህ ያለ ረቂቅ ይዘው መቆማቸው ዛሬም ያኮራኛል።

ሰኔ 30 ቀን 2009 ዓ.ም. የእገዳው ስምምነት በ122 ድምፅ ሲጸድቅም እጃችንን አውጥተናል። ስምምነቱ ጥር 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። እኛ ግን እስካሁን አልፈረምንም።

«ከፈረምን ከኒውክሌር ሳይንስ እንቀራለን» የሚለው ስጋት እዚህ ወላይታ መልስ አለው። በኦሞና በደሜ ሸለቆ ቆላ ገንዲ የያዘው በሬ ምን እንደሚመስል እንስሳት ሐኪሞች ብቻ ሳይሆኑ ሕፃናትም ያውቁታል፤ ፀጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ እየበላ ይከሳል፣ በመጨረሻም በእርሻ መሀል ከነቀንበሩ ይተኛል። በሬው ከሞተ ማሳው ጦም ያድራል። በሽታውን የሚያመላልሰውን የቆላ ዝንብ ለማጥፋት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ያገዘው ፕሮጀክት በስምጥ ሸለቆው ደቡባዊ ክፍል ተካሂዷል። ዋናውን ሥራ የሠሩት ወጥመዱና ፀረ ዝንብ መድኃኒቱ ቢሆኑም፣ ቃሊቲ የሚረባው ወንድ ዝንብ በጨረር መክኖ ይለቀቅ ነበር። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ስለምትገናኝ፣ መካን ከገጠማት ዘር አትተካም። ይህን ሁሉ ያገኘነው የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ውል አባል ሆነን ነው። አዲሱም ስምምነት ቢሆን ሰላማዊ አጠቃቀምን አይነካም።

ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ሊቢያ ቦምብ ኖሯት አያውቅም። ዩክሬን ምድር ላይ የነበሩትም የሶቭየት መሣሪያዎች ነበሩ፤ ማስወንጨፊያ ቁልፋቸው ሞስኮ ነበር። ከራሳችን አህጉር ምሳሌ ካስፈለገ ደቡብ አፍሪካ አለች። ስድስት ቦምብ ሠርታ በገዛ ፈቃዷ አፈራረሰችና በ1985 ዓ.ም. ለዓለም ተናገረች። ያ መሣሪያ በእጇ በነበረ ጊዜ ከዓለም ተገልላ ነበር፤ ከተወችው በኋላ ግን የተከበረች ሆነች። እኛም አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ የሚያደርገውን የፔሊንዳባ ስምምነት አጽድቀናል፤ ስለዚህ በአዲሱ ፊርማ የምናጣው መብት የለም።

ከማመንጫው ግንባታ በፊት መፈረሙ ደግሞ ለጎረቤቶቻችን ዓላማችንን ግልጽ ያደርግላቸዋል። በዓባይ ጉዳይ በየመድረኩ በጥርጣሬ የምንታይ አገር እንደሆንን አንርሳ። የወላይታ ተወካዮች ጥያቄውን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያንሡልን። እናንተም የጋዜጣው አዘጋጆች ፊርማው ለምን እንደዘገየ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ጠይቃችሁ መልሱን በጋዜጣችሁ ብታወጡልን።

አንባቢያችሁ
ከወላይታ ሶዶ