አዲስ አውሮፕላን ሲታሰብ የሥጋችን ቦታ አይረሳ

ከቦረና የተነሳ ፍየል ሞጆ ወይም ቢሾፍቱ ቄራ ሲደርስ ዋጋውን የሚወስኑት ደላላውና ገዢው ብቻ አይደሉም። ከቦሌ ወደ ጅዳ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ በሚነሳው አውሮፕላን ላይ የጭነት ቦታ መኖር አለመኖሩም ይወስነዋል። ቦታ ያጣ ቄራ ነገ አይገዛም። ወሬው ደግሞ ሞያሌ ገበያ ለመድረስ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ቦይንግ ኩባንያ አዲስ መካከለኛ አውሮፕላን ልሥራ ወይስ ልተው እያለ ሲያመነታ፣ ጉዳዩ እኛንም ይነካናል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ቦይንግ 757 የተባለውን አውሮፕላን መሥራት ያቆመው በ2004 ነው። በትንሹ 737 እና በትልቁ 787 መካከል ክፍተት ተፈጠረ። ክፍተቱን ለመሙላት ከ220 እስከ 270 መንገደኛ የሚይዝ፣ እስከ 9,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር አውሮፕላን ለዓመታት አጠና። ጥናቱ ላይ እያለ ተፎካካሪው ኤርባስ በሰኔ 2019 ኤ321 ኤክስኤልአርን ይዞ ገበያ ወጣ፤ ትእዛዙንም ሰበሰበ። ቦይንግ በጥር 2020 በአዲሱ ሥራ አስኪያጅ በዴቪድ ካልሁን ጊዜ የቆየውን ንድፍ ወደ ጎን ትቶ እንደገና ከዜሮ ማሰብ ጀመረ። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ካልሁን አዲስ አውሮፕላን ከ2030ዎቹ አጋማሽ በፊት እንደማይጠብቁ ተናገሩ።

በመካከሉ የሆነውን እኛ አንረሳውም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ማክስ አዲስ አውሮፕላን አልነበረም፤ ኩባንያው ተፎካካሪው ሲቀድመው የቆየውን 737 አዲስ ሞተር ገጥሞ ያወጣው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ ቦይንግ ለምን ዘገየ ብዬ አልወቅስም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ምን ይዞ ይመጣል?

የተተወው ንድፍ አካሉ ሞላላ ነበር። ከላይ እንደ ሰፊ አውሮፕላን ሁለት መተላለፊያ ያለው፣ ከታች ግን የጭነት ሆዱ እንደ ጠባብ አውሮፕላን ያነሰ። ምክንያቱም ሆድ ሲሰፋ አካሉ ይከብዳል፣ ነዳጅ ይበላል። በዋናነት መንገደኛ ለሚጭኑት የአሜሪካ አየር መንገዶች ይህ ይስማማቸው ነበር። ከጭነት ብዙ ገቢ የሚያገኙት የእስያ አየር መንገዶች ግን ሰፋ ያለ ሆድ ይፈልጉ ነበር። በዚያ ክርክር ውስጥ የሥጋ ላኪ ድምፅ ነበረ ለማለት እቸገራለሁ።

ለእኛ ልዩነቱ ግልጽ ነው። 787 እና ኤ350 በሆዳቸው ኮንቴይነርና ፓሌት ይይዛሉ፤ የቀዘቀዘው የበግና የፍየል ሥጋ እንደታሸገ ይገባል። 737 ላይ ግን ጭነት አንድ በአንድ በእጅ ይደረደራል፤ በቆይታው ሥጋው ሙቀት ያገኘዋል። የአይሱዙ ጭነት ሳጥን በግማሽ ቢጠብ በአንድ ጉዞ ስንት ሙክት እንደሚቀር ታውቃላችሁ። ይህም እንደዚያው ነው።

«የጭነት አውሮፕላን አለልን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን የጭነት አውሮፕላን የሚያዋጣው ሲሞላ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ግን ሰው እስካለ ድረስ በየቀኑ ይነሳል፤ አምስት ቶን ያለውም ያገኘዋል። በ2020 በኮሮና ምክንያት የመንገደኛ በረራ ሲቆም የአየር ጭነት ዋጋ ጣሪያ የነካው ያ የሆድ ቦታ በመጥፋቱ ነው።

«እኔ የምልከው የቁም እንስሳ ነው፤ ከበርበራ ወይም ከጅቡቲ በመርከብ» የሚለውም ያስብበት። ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት በ2000 በሯን ስትዘጋ ብዙ ነጋዴ ለዓመታት ተጎድቷል። ሁለት በር ያለው ሰው አንዱ ሲዘጋ አይታፈንም። የቀዘቀዘ ሥጋ ሁለተኛው በራችን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አውሮፕላን አንገዛም። ነገር ግን አውሮፕላን ሠሪ የሚሰማው አየር መንገድን ነው፤ አየር መንገድ የሚሰማው ደግሞ ቁጥር ይዞ የመጣ ደንበኛን ነው። የላኪዎች ማኅበራት በሳምንት ስንት ቶን፣ ወደ የትኛው ከተማ፣ በምን ዓይነት ኮንቴይነር እንደሚልኩ ጽፈው ለአየር መንገዶቻቸው ይስጡ። በአዲስ አበባም በናይሮቢም ቢሆን ይህ አያስቸግርም። ቄራዎችም ውል ሲፈርሙ በመስመሩ ላይ የሚመደበው አውሮፕላን የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

ንድፉ ወረቀት ላይ ሳለ የተናገረ ይሰማል። አውሮፕላኑ ከተሠራ በኋላ ግን ሆዱን የሚያሰፋልን የለም፤ ለ30 ዓመት የምንኖረው በተሰጠን ልክ ነው።