ዓሣው አልበላም ሲል

በከተማ በሚገኙ አንዳንድ መኖሪያ ቤቶች፣ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ጥግ ወይም በቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ ይታያል። አኳሪየም የሚባለው ይኸው ገንዳ ለቤት ጌጥ፣ ለሕፃናት ደግሞ ደስታም ትምህርትም ነው። ይሁንና ገንዳው ወደ ቤት ከገባ ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላው ልጅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ እናቱ የሚመጣበት ቀን አይጠፋም፤ «እማዬ፣ ዓሣው አልበላም አለ!»

በዚህን ጊዜ በብዙ ቤት የሚደረገው ነገር ተመሳሳይ ነው። ምግብ ይጨመራል። ያም ካልተበላ ሌላ ዓይነት ይሞከራል፤ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የእንጀራ ቁራሽ፣ የሩዝ ፍሬ ይጣላል። በማግሥቱ ውኃው ይደፈርሳል፤ ሰንበት ሲል ዓሣው በጎኑ ተንሳፎ ይገኛል። ልጁም «ሳልመግበው ቀርቼ ነው የሞተው» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዓሣውን የሚገድለው ረኃብ ሳይሆን ሳይበላ የተረፈው ምግብ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ዓሣ ምግብ እምቢ የሚልበትን ምክንያትና ከቤተሰቡ የሚጠበቀውን እንመለከታለን።

ከሁሉ አስቀድሞ አይደናገጡ። ጤነኛና ያደገ ዓሣ አንድ ሳምንት ያህል ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። አብዛኛው ዓሣ እንደ ሰው የሰውነቱን ሙቀት ራሱ አይጠብቅም፤ ሙቀቱ የውኃው ሙቀት ስለሆነ ለዚህ ሲል የሚያወጣው ጉልበት የለም። በተለይም ከሱቅ ከመጣ ሁለት ሦስት ቀን ብቻ የሆነው ዓሣ ከፌስታሉ፣ ከመንገዱ መንገጫገጭና ከአዲሱ ቤት ድንጋጤ እስኪወጣ ድረስ አለመብላቱ የሚጠበቅ ነው። መብራቱን መቀነስ፣ ልጆች መስታወቱን በጣታቸው እንዳይቆረቁሩ መምከርና የሚሸሸግበት ድንጋይ ወይም ተክል ማኖር ከምግብ ይበልጥ ይረዳዋል። ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች ግን ረኃብ የማይችሉ ስለሆኑ ይህ ትዕግሥት እነሱን አይመለከትም።

ቀጥሎ የተረፈውን ምግብ በትንሽ ወንፊት ወይም በቱቦ ያውጡና ለአንድ ቀን ምንም አይስጡ። በማግሥቱ ቆንጥረው ይስጡ። ልኩ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ያህል ነው። ጎልድፊሽ የሚባለው ወርቅማ ዓሣ ምግብ የሚያጠራቅምበት ጨጓራ እንኳ የለውም፤ የበላው በቀጥታ ወደ አንጀቱ ስለሚያልፍ ጥቂት ጥቂት መብላት ይስማማዋል እንጂ በአንድ ጊዜ መጠቅጠቅ አይበጀውም።

ከዚህ በኋላ መመርመር ያለበት ምግቡ ሳይሆን ውኃው ነው። ዓሣ የሚኖረው በሚጸዳዳበት ውኃ ውስጥ መሆኑን ልብ ይበሉ። ከስንጥቡ የሚወጣውና ከሚበሰብሰው ምግብ የሚፈጠረው አሞኒያ የተባለ መርዝ ስንጥቡን ይለበልበዋል። በተፈጥሮ ይህን መርዝ የሚያስወግዱ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። እነርሱም አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ነገር ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያውና በጠጠሩ ላይ ተራብተው ሥራቸውን በሚገባ ለመጀመር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። አዲስ ገንዳ ውስጥ የገባ ዓሣ በመጀመሪያው ወር ምግብ የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ውኃው እንደ መስታወት የጠራ ቢሆንም አሞኒያ አይታይምና በዓይን አይተው አይመኑ። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከፈት ዘጋ እያደረገ አየር የሚለምን ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው። የዓሣ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች የውኃ መመርመሪያ ወረቀት ካገኙ ቢገዙት ይጠቅማል።

መፍትሔው ውኃ መለወጥ ነው። ይሁን እንጂ ገንዳውን ሙሉ በሙሉ ገልብጦ በሳሙና ማጠብ ከፍ ያለ ስሕተት ነው፤ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች አብረው ይጠፋሉ፣ ሳሙናውም ራሱ መርዝ ነው። ሩቡን ያህል ውኃ ቀድተው ያውጡና በሌላ ይተኩ፤ ዓሣው የተጨነቀ ከሆነ በማግሥቱ ይድገሙት። የማጣሪያውንም ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ ሳይሆን ከገንዳው በወጣው ውኃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት።

የሚተካውስ ውኃ? የቧንቧ ውኃ ለእኛ ጤና ሲባል ክሎሪን ይገባበታል። ክሎሪኑ ግን የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል። ስለዚህ ውኃውን አፉ በሰፋ ባልዲ ወይም ሳፋ ቀድተው ሳይከድኑ 24 ሰዓት ያቆዩት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖሩ እናቶች በጀሪካን የተቀመጠ ውኃ መኖሩን አይተው ይበቃል ሊሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ክሎሪኑን በቀላሉ አያስወጣም። ባልዲውም ልብስ የማይታጠብበት፣ ለዓሣ ብቻ የተለየ ይሁን።

ሌላው ምክንያት ብርድ ነው። እንደ ጋፒና ቤታ ያሉ ከሞቃት አገር የመጡ ዓሦች ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ስትሆን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ውኃው ሲቀዘቅዝ የዓሣው አንጀት ሥራ ይዘገያል፤ ምግብ አልፈልግም ማለቱም ትክክል ነው። ለእነዚህ ዓይነቶች የውኃ ማሞቂያ የግድ ሲሆን ማሞቂያ ለሌለው ቤት ግን ከ18 እስከ 22 ዲግሪ የሚስማማው ጎልድፊሽ የተሻለ ነው። ትንሽ ቴርሞሜትር ያኑሩ። የፈላ ውኃ አምጥቶ መጨመር ግን ሌላ አደጋ ነው፤ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ይውጣ።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። አየሩ ስስ በመሆኑ እዚህ ያለ ውኃ የሚይዘው ኦክስጂን በባሕር ዳርቻ ካለውና እኩል ሙቀት ካለው ውኃ ወደ ሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ በትንሽ ገንዳ ብዙ ዓሣ አያጭቁ። መብራት ሲጠፋም ማጣሪያውና የአየር መንፊያው ስለሚቆሙ ምግብ አይስጡ፤ ይልቁንም ከገንዳው በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ። ውኃው ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል።

ውኃውም ሙቀቱም ደኅና ሆኖ አሁንም አንዱ ዓሣ ብቻ የማይበላ ከሆነ ጎረቤቱን ይመልከቱ። ጉልበተኛው ደካማውን ከምግብ እያባረረው ይሆናል። በገንዳው ሁለት ጫፍ ምግብ መስጠት፣ ካልሆነም መለየት ነው። የምግቡም ዓይነት ታሳቢ ይሁን፤ ቤታ ሥጋ በል ስለሆነ ዳቦ ቢሰጡት ፊቱን ያዞራል፣ የቢንቢ እጭ ግን ይወዳል። ሆዱ የተነፋ ጎልድፊሽ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ጾሞ ልጣጩ የተገፈፈ ቅቅል አተር በጣት ተድጦ ቢሰጠው የሚሻለው ጊዜ አለ። ቆርቆሮው ከተከፈተ ብዙ ወራት ያለፈው ምግብም ጣዕሙንና ቫይታሚኑን ያጣልና ይጣል።

በአንድ ወቅት ግን አለመብላት ሕመም ሳይሆን እናትነት ነው። በሐይቆቻችን የምናውቀው ቆሮሶ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታቅፋለች። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ የሚረባ ምግብ አትቀምስም። ለጌጥ ከሚሸጡት የአፍሪካ ዓሦችም እንዲሁ የሚያደርጉ አሉ። ጉንጯ የተነፋ፣ ምግብ ሲጣል ወደ ጥግ የምትሸሽ ዓሣ ካዩ በሰላም ይተዉአት።

የሕመም ምልክቶቹ የተለዩ ናቸው። በክንፉና በሰውነቱ ላይ እንደ ጨው ፍሬ ያለ ነጭ ነጠብጣብ ከወጣ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። መድኃኒቱ ተሕዋሱን የሚገድለው ከዓሣው ወርዶ በውኃው ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ስለሆነ ነጠብጣቡ ጠፋ ብለው ቀኑ ሳይሞላ አያቋርጡ። ቅርፊቱ ቆሞ ሆዱ ካበጠ፣ ክንፉ ከተበላ ወይም ነጭ ክር የመሰለ ነገር ከጸዳዳ ዓሣውን ለይተው የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። ከቤት መድኃኒት ሣጥን የተረፈ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ መጨመር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ሊገድል፣ ጀርሞችንም መድኃኒት ሊያላምድ ይችላል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ በየቀኑ አዲስ ነገር መጨመር አንዱን ችግር አምስት ያደርገዋል።

ለትንኝና ለበረሮ ፍሊት በሚነፋበትም ቀን ይጠንቀቁ። በእነዚህ መርጫዎች ውስጥ የሚገኙት ቅመሞች ለዓሣ እጅግ መርዛማ ናቸው። ገንዳውን በሚገባ ሸፍነው፣ የአየር መንፊያውንም ለጊዜው አጥፍተው፣ ክፍሉ ተናፍሶ ካበቃ በኋላ ይክፈቱት፤ ቢቻል በዚያ ክፍል አይንፉ።

አሁን ደግሞ ወደ ቤተሰቡ እንመለስ። ዓሣውን ገዝቶ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ አባት ነው፤ ልጅ ይስቃል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ባልዲውን የምትሸከመው ከሥራ ደክማ የገባችው እናት ወይም የቤት ሠራተኛዋ ትሆናለች። ይህ መሆን የለበትም። ዓሣ ያመጣ ሰው ውኃውንም ያመላልስ። ለልጅ ምግቡን የመስጠት ኃላፊነት ይሰጠው፤ ሁለት ሰው ሳያውቅ ደጋግሞ እንዳይመግብ የተሰጠበት ሰዓት በወረቀት ላይ ይጻፍ። ገንዳውን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ውኃው ውስጥ አያስገባ፤ ከዓሣ ገንዳ በቁስል ገብቶ ቆዳን የሚያቆስል ባክቴሪያ አለና። የገንዳው ውኃም ሳህን በሚታጠብበት አይደፋ።

«ለአንድ ዓሣ ይህ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። በእንግሊዝ አገር ቲሽ የተባለ ጎልድፊሽ እ.ኤ.አ. በ1956 በባዛር ጨዋታ ተሸልሞ ወደ አንድ ቤት ከገባ በኋላ 43 ዓመት ኖሮ በ1999 ሞቷል። ለሳምንት ያህል የመጣ ጌጥ ሲመስለን ዕድሜው ከልጃችን ልጅነት የሚበልጥ ፍጡር ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቢሞትስ? ልጁ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ ተመሳሳዩን ገዝቶ መተካትና ማታለል የሚመርጡ ወላጆች አሉ። እውነቱን መንገር ይሻላል። ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን፣ ምግብ ማብዛት ፍቅር ቢመስልም እንደሚጎዳ በረጋ አንደበት ያስረዱት። የታመመ ልጃችንን «ብላ፣ ጉረስ» እያልን ከማስጨነቃችን በፊት ለምን እንዳልበላ መጠየቅ እንዳለብን እኛም ከዚያች ገንዳ የምንማረው አለ።