ቦርዱ የት ነበር? የአኮርን ውድቀትና የቦርድ አባልነት ኃላፊነት

በአሜሪካ ለድኾች መብት ከሚሟገቱ ድርጅቶች መካከል አኮርንን ያህል ስም ያገኙት ጥቂቶች ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1970 በአርካንሶ ግዛት በሊትል ሮክ ከተማ በዌድ ራትኪ ተመሠረተ። የቤት ኪራይ የከበዳቸውን፣ ባንክ ብድር የነፈጋቸውንና በአነስተኛ ደመወዝ የሚሠሩትን ሰዎች ሰፈር ለሰፈር እያደራጀ ከከተማ ምክር ቤት እስከ ኮንግረስ ድረስ ድምፃቸውን ያሰማ ነበር። በደኅናው ዘመን ከ400 ሺህ በላይ አባል ቤተሰቦች እንዳሉት ይናገር ነበር። ይህ ሁሉ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 ለፍርድ ቤት በቀረበ የኪሳራ ማመልከቻ አበቃ።

ብዙ ሰው አኮርንን የጣለው በ2009 የወጡት የድብቅ ቪዲዮዎች ናቸው ብሎ ያምናል። ሁለት ወጣቶች ማንነታቸውን ቀይረው ወደ ድርጅቱ ቢሮዎች ገቡ፣ ሠራተኞቹ ነውረኛ ምክር ሲሰጡ የሚያሳይ ፊልም ለሕዝብ ለቀቁ፣ ኮንግረስም የመንግሥት ገንዘብ እንዲቋረጥበት ወሰነ። በ2010 የብሩክሊን ዐቃቤ ሕግና የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን መርምረው ሠራተኞቹን በወንጀል የሚያስከስስ ነገር አላገኙም፤ የካሊፎርኒያው ቪዲዮዎቹ ክፉኛ ተቆራርጠው እንደ ቀረቡም ገልጿል። ታዲያ ድርጅቱ ነጻ ከተባለ በኋላ ለምን አልተነሣም? መልሱ ከቪዲዮዎቹ በፊት በሆነ ነገር ውስጥ ይገኛል ብዬ አምናለሁ። በ2009 ማዕበሉ ሲመጣ ቤቱ ከውስጥ ተሰንጥቆ ነበር።

በ1999 እና በ2000 የመሥራቹ ወንድም ከአኮርንና ከእኅት ድርጅቶቹ ሒሳብ ወደ 950 ሺህ ዶላር ገደማ ወስዶ ለግሉ አዋለ። ጥቂት የሥራ መሪዎች ነገሩን ደረሱበት። ለፖሊስ ግን አልተነገረም። በዚህ ፈንታ የራትኪ ቤተሰብ በየዓመቱ 30 ሺህ ዶላር እየከፈለ ዕዳውን እንዲያቃልል ስምምነት ተፈረመ፤ የጠፋውም ገንዘብ በመዝገብ ላይ እንደ ብድር ሆኖ ተቀመጠ። ወንድምየው እስከ 2008 ድረስ ደመወዝተኛ ሆኖ ቆየ። ነገሩ ሲፈነዳ መሥራቹ ከዋና አደራጅነት ወረዱ፣ በሐምሌ 2008 ደግሞ ኒውዮርክ ታይምስ ታሪኩን አወጣው።

በእነዚህ ስምንት ዓመታት ውስጥ ቦርዱ ነበረ። ሃምሳ ያህል ሰዎች የተቀመጡበት፣ ከየግዛቱ ቅርንጫፎች የተመረጡና አብዛኞቹ ራሳቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አባላት የሆኑ ቦርድ ነበር። በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ ሕዝባዊ ቦርድ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ከጥቂት ሰዎች በቀር የጠፋውን ገንዘብ የሚያውቅ አልነበረም። ሂሳቡ የሚያዝበት ሌላ ድርጅት፣ ሥልጠናው በሌላ ስም፣ ቤት ሥራው በሌላ ስም ነበረ፤ ከመቶ በላይ በሆኑ ተቋማት መካከል ገንዘብ ወዲያና ወዲህ ይዘዋወር ነበር። ከሰፈር የመጣች አንዲት እናት በዓመት ጥቂት ጊዜ ተሰብስባ ይህን ድር ትፈታለች ብሎ መጠበቅ ግፍ ነው። ግፉን የፈጸሙት ግን ድሩን የሠሩት ናቸው።

መሥራቹ ነገሩ ለምን እንደ ተደበቀ ሲጠየቁ የሰጡት ምክንያት የጽሑፌ ዋና ጉዳይ ነው። ወንድማቸውን ለማዳን እንዳልነበረ፣ ወሬው ቢወጣ ለአኮርን ጠላቶች መሣሪያ ማቀበል ይሆን እንደ ነበረ ተናገሩ። ውድ አንባቢ፣ ይህን አነጋገር የት እንደ ሰማነው እናውቃለን። ገበናችንን ለጠላት አንግለጥ፣ ጠላት ደስ አይበለው፣ በቤታችን እንጨርሰው እንላለን። ምክንያቱ ከላይ ሲታይ ለዓላማው መቆርቆር ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ጠላት የተባለው ያገኘው መሣሪያ ስርቆቱ ብቻ አልነበረም፤ የስምንት ዓመት ዝምታ ተጨምሮበታል። በ2000 ቢነገር የአንድ ሰው ጥፋት ይሆን ነበር። በ2008 ሲነገር የድርጅቱ ሁሉ ጥፋት ሆነ። ለዓመታት ይረዳ የነበረው የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት የልማት ዘመቻም በዚያው ዓመት እርዳታውን አቆመ።

ቀጥሎ የሆነው ይበልጥ ያሳዝናል። ከቦርዱ ጥቂት አባላት፣ ገንዘቡ የት እንደ ገባ በሰነድ ይታየን ብለው ጠየቁ። ሲከለከሉ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ብዙ ሳይቆይ ከቦርዱ ተወገዱ። ቦርድ የሚኖረው ለመጠየቅ ነው፤ የጠየቀ አባል እንደ ከዳተኛ ከታየ የቀሩት ወንበሮች የተሞሉት በታዳሚ ነው ማለት ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው፣ የግራ ክንፍ ድርጅት ስለሆነ ነው ሊል ይችላል። እንግዲያው ወደ ቀኝ እንመልከት። የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር (ኤን.አር.ኤ.) በ1871 በኒውዮርክ የተመዘገበ፣ 76 የቦርድ አባላት የነበሩት ኃይለኛ ተሟጋች ነው። በጥር 2021 ዋና መሪው ዌይን ላፒየር ማኅበሩን በቴክሳስ ኪሳራ አስመዘገቡት፤ ይህን ሲያደርጉ አብዛኛው የቦርድ አባል አያውቅም ነበር። ዳኛው ማመልከቻው በቅን ልቦና የቀረበ አይደለም ብለው በግንቦት 2021 ዘጉት። በየካቲት 2024 ደግሞ የኒውዮርክ ዳኞች ጉባኤ ላፒየር የማኅበሩን ገንዘብ ለግል ድሎት እንዳዋሉ ወስኖ 4.35 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልሱ ፈረደ። ሃምሳ ሰውም ሆነ ሰባ ስድስት ሰው፣ ካልተነገረውና ካልጠየቀ ያው ነው። እንዲያውም ቦርድ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ሌላው ያየዋል እያለ ይተኛል።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ላይ የሚናገረው ብዙ ነው፤ እኔ አንድ ፍርድ ብቻ ላንሣ፣ ያውም ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ዲሲ። ሲብሊ ሆስፒታል መሠረቱ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የዲያቆናውያት ማሠልጠኛ ነው። ለረጅም ዘመን ሆስፒታሉን የያዙት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አስተዳዳሪውና ገንዘብ ያዡ። በመተዳደሪያ ደንቡ በ1960 የተጠቀሰው የፋይናንስ ኮሚቴ እስከ 1971 ድረስ አንድ ቀን እንኳ አልተሰበሰበም። በዚህ መካከል ከፍተኛ ገንዘብ፣ የቦርድ አባላት በሚሠሩባቸው ባንኮች፣ ወለድ በማያስገኝ ሒሳብ ተቀምጦ ነበር። በ1974 ዳኛ ጌርሃርድ ጌዝል አንዳንዶቹ የቦርድ አባላት ግዴታቸውን አልተወጡም ሲሉ ፈረዱ። ሰረቁ አላሉም፤ አልተቆጣጠሩም ነው ያሉት። ካዘዟቸውም ነገሮች አንዱ፣ ወደ ቦርዱ የሚገቡ አዳዲስ ሰዎች ፍርዱን አስቀድመው እንዲያነቡት ነበር። ከገንዘብ ቅጣት ይልቅ ይህ ትእዛዝ ጥበብ ያለበት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በዋሽንግተን፣ በሲያትል፣ በዳላስ፣ በአትላንታ ያሉት የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ የስደተኛ ረጂ ድርጅቶችና በኮንግረስ በር የሚያንኳኩ ተሟጋች ቡድኖች ሁሉ ቦርድ አላቸው። የቦርድ አባል የሚሆነው ሰው ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በደግነቱ፣ በትምህርቱ ወይም በዝናው ነው። ጥሪው የሚመጣው በቤተ ዘመድ ወይም በቤተ ክርስቲያን ወዳጅ በኩል ስለሆነ እምቢ ማለት ይከብዳል። ከገባ በኋላ ደግሞ የባንክ መግለጫውን እስቲ አሳዩኝ ማለት ይበልጥ ይከብዳል። ሰው አላመነኝም ይላል እንፈራለን። ይሉኝታ ለእንግዳ ተቀባይነት መልካም ሊሆን ይችላል፤ በሒሳብ ምርመራ ቦታ ግን ሌባውንም ንጹሑንም እኩል ይጎዳል። ንጹሕ ገንዘብ ያዥ የሚጠየቅበት ቀን ከሌለው ንጽሕናውን በምን ያሳያል? ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ የቆሮንቶስን ስጦታ ወደ ኢየሩሳሌም ሲልክ ማንም እንዳይነቅፈው በማለት በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ሰው አብሮ እንዲሄድ አድርጓል።

የሚገርመው፣ ይህ ልማድ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑ ነው። የሰፈር እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን በአባላት ፊት ያነባል፤ አንዲት አሮጊት ተነሥተው የድንኳኑ ኪራይ ለምን ጎደለ ቢሉ ማንም አይቆጣቸውም። ያው ሕዝብ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ይዞ ሲቀመጥ ግን አፉ ይያዛል።

በአገር ቤትም ነገሩ አዲስ ክብደት አግኝቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከገቢያቸው 90 ከመቶውን ከአገር ውስጥ እንዲያገኙ በማስገደድ ብዙዎቹን አሽመድምዷል። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ያን ማነቆ አንሥቶ በቦርድ የሚመራ ድርጅት ለሚባለው ዓይነት ቦርዱን የበላይ አካል አደረገ፣ የአስተዳደር ወጪም ከ20 ከመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። የበላይ አካል መባል ክብር ብቻ አይደለም፤ ባለሥልጣን ሒሳብ ሲጠይቅ መልስ የሚጠበቀው ከዚያ ወንበር ነው።

በአሜሪካ ላላችሁ አንባቢያን አንድ ነገር ልጠቁም። ከቀረጥ ነጻ የሆኑ ድርጅቶች በየዓመቱ ለገቢዎች መሥሪያ ቤት የሚያቀርቡት ቅጽ 990 ለሕዝብ ክፍት ነው። አነስተኛ ድርጅቶች አጠር ያለውን ይሞላሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ከዚህ ግዴታ ነጻ ናቸው። ከ2008 ጀምሮ የተሻሻለው ሙሉ ቅጽ የቦርድ አባላትን ስም ይዘረዝራል፤ በመሪዎቹ መካከል የቤተሰብ ወይም የንግድ ዝምድና አለ ወይ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይያዛል ወይ፣ ቅጹ ከመላኩ በፊት ለቦርዱ ታይቷል ወይ ብሎም ይጠይቃል። በዚያው ክፍል፣ በዓመቱ ውስጥ ከድርጅቱ ንብረት ጉልህ የሆነ ያለ አግባብ ወጥቶ እንደ ሆነ የሚጠይቅ መስመር አለ። የአኮርን ቦርድ ስምንት ዓመት ያልተነገረው ይኸው ነበር። ቅጹን በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ በድርጅቱ ስም ፈልጎ ያለ ክፍያ ማንበብ ይቻላል፤ ለቦርድ አባልነት የተጠራ ሰው እሺ ከማለቱ በፊት የሦስት ዓመቱን ቢያነብ ከአንድ ምሽት በላይ አይፈጅበትም።