ድመቷ የማን ናት? የካዛንቺስ መርዝና የጎረቤት ዕዳ

በቂርቆስና በካዛንቺስ ሰፈሮች ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጋጨው ምክንያት ብዙ ነው። የእጣቢ ውሃ፣ የሙዚቃ ጩኸት፣ የጋራ መጸዳጃ ቤት ጽዳት፣ የመብራት ሒሳብ። ከእነዚህ ሁሉ ትንሹ የሚመስለው የድመት ጠብ ነው። የጎረቤት ድመት አጥር ዘላ ትገባለች፤ ትናንት የተዘራውን የሰላጣ መደብ ቆፍራ ትጸዳዳበታለች፤ ጫጩት ትነጥቃለች፤ ሌሊት በቆርቆሮው ላይ ስትጮኽ ታድራለች። መጀመሪያ «ክስ!» ይባላል። ቀጥሎ ድንጋይ ይወረወራል። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይጠየቅ፣ አጥር ሥር መርዝ የተቀባ ሥጋ ይቀመጣል።

ጠቡ ትንሽ ነው፤ የሚመዘዘው መሣሪያ ግን ትልቅ ነው። ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው።

መርዝ ማስቀመጥ ስህተት ነው። «ድመት ናት፣ ምን ላድርጋት? አላስራት!» ብሎ በር መዝጋትም ከመርዙ ብዙ የራቀ ጥፋት አይደለም። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ሲወነጃጀሉ ደግሞ ሦስተኛው ተጠያቂ፣ ማለትም ከተማው ራሱ፣ ስሙ ሳይነሳ ያልፋል።

ድመቷ የግቢው ነበረች

ካዛንቺስ ስሙ ራሱ የቤት ስም ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራለት «ኢንቺስ» የሚባል ተቋም ነበረው። «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ በአዲስ አበባ ሰው አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ከቪላዎቹ ጎንና ጀርባ የጭቃ ቤቶች ተደረደሩ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን ብዙዎቹ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆኑ። አምስት፣ ስድስት፣ አሥር ቤተሰብ አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ይጋራ ጀመር።

በእንዲህ ያለ ግቢ «የእገሌ ድመት» የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። ድመቷ የግቢው ናት። አንደኛዋ እናት የወጥ ትራፊ ትሰጣታለች፤ ሌላዋ ቤት ኮርኒስ ውስጥ ትወልዳለች፤ የሦስተኛውን ቤት ዱቄት ከአይጥ ትጠብቃለች። ጥፋቷም ጥቅሟም የጋራ ስለነበር፣ ብታጠፋ ነገሩ ቡና ላይ ተነስቶ በሳቅ ያልቃል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባልና ሥጋው ከፍ ብሎ ይሰቀላል።

ድመቷ «የጎረቤት ድመት» የሆነችው ግቢው ሲፈርስ ነው። አጥሩ ከፍ ሲል፣ አንዱ ሲወጣ፣ ሌላው ሲገባ፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ መኖር ሲጀምር። ድመቷ አልተለወጠችም። ትናንት የዘለለችውን አጥር ዛሬም ትዘላለች። የተለወጠው ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ ያለው ሰው ነው።

ኤክስካቫተሩ ሲገባ

በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። ለአሥርት ዓመታት የቆዩ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ብዙ ነዋሪ ገላን ጉራን ወደመሰሉ ከመሀል ከተማ የራቁ መንደሮች ተዛወረ። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ምጣዱ በመኪና ተጫነ። ድመቷስ?

ውሻ ሰውን ይከተላል፤ ድመት ግን የምትለምደው ቦታ ነው። ኮርኒሱን፣ ጓዳውን፣ የአጥሩን ቀዳዳ ታውቃለች። ሁካታ ሲበዛ ትደበቃለች፤ ዕቃ ሲጫን በእጅ አትያዝም። ብትያዝም የሁለተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምን ትሁን? ስለዚህ እንዲህ ባለ ጥድፊያ ከሚቀሩት የመጀመሪያዋ ድመት ናት። ቤቱ ሲፈርስ ወዳልፈረሰው ቤት ትሻገራለች። በፈረሰው ሰፈር ዳር የቀረው ባለ ግቢ በአንድ ወቅት የአሥር ቤት ድመቶች ወራሽ ይሆናል። እሱ የሚያየው ጎመኑን የምትቆፍር ሌባ ነው፤ እሷ ግን ቤቷ የፈረሰባት ናት።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። «ሰው ከዕድሩ፣ ከገበያው፣ ከልጁ ትምህርት ቤት ርቆ ሳለ ስለ ድመት ይወራል?» ይባላል። አዎ፣ ሰው ይቀድማል። ነገር ግን የድመቷ ጉዳይ ከሰው ጉዳይ የተለየ አይደለም። መርዙ የሚቀመጠው ሰው በሚኖርበት ግቢ ነው። መርዙን የሚያስቀምጠውም ሰው ነው፤ የሚቀመጥበትም ምክንያት ጎረቤቱን ማነጋገር ስላቃተው ነው። ድመት የምትመረዝበት ሰፈር ጎረቤታሞች መነጋገር ያቆሙበት ሰፈር ነው።

መርዝ አድራሻ አያውቅም

መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው ራሱን የሚያሳምነው «ያቺን ድመት ብቻ ነው» ብሎ ነው። መርዝ ግን አድራሻ አያነብም።

በገበያ ከሚሸጡት የአይጥ መርዞች አንዱ ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። የበላችው አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ቀናት ይፈጅባታል። በእነዚህ ቀናት እየደከመች፣ በጠራራ ፀሐይ እየተጎተተች ትታያለች። ድመትም ውሻም ያለ ድካም ይይዟታል፤ ከመርዙ ይካፈላሉ። ስለዚህ አይጥን ለማጥፋት የተቀመጠው መርዝ አይጥ አዳኟንም ይገድላል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። እህል ከነቀዝ ለመጠበቅ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ለሰውም ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ይህ ክኒን ከእህል ጎተራ ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ተወትፎ፣ አፈር ላይ ተቀምጦ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሕፃን ባለበት ግቢ ይጣላል። በጠባብ ቤት፣ በአንድ ግድግዳ በሚለያዩ ክፍሎች መካከል ይጣላል። «ለድመት ነው» ማለት እዚህ ላይ ምን ትርጉም አለው?

ደግሞም አይሠራም። ድመቶች የሚሰበሰቡት ምግብ ስላለ ነው፤ ክዳን የሌለው የቆሻሻ ገንዳ፣ የሥጋ ቤት ትራፊ፣ አይጥ። ምግቡ እስካለ ድረስ የሞተችውን ድመት ቦታ ሌላዋ ትይዘዋለች። አንዲት ድመት ከዘጠኝ ሳምንት እርግዝና በኋላ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች፤ ግልገሏም ዓመት ሳይሞላት ራሷ እናት ትሆናለች። ይህንን ቁጥር በመርዝ አሸንፋለሁ የሚል ሰው በየሁለት ወሩ መርዝ ሊገዛ ነው። በመሀሉ ማን ይደሰታል? ቤት በፈረሰ ቁጥር ጉድጓዷ ተነክቶባት ወደ ጎረቤት የምትፈልሰው አይጥ። ሽንቷ ሌፕቶስፓይሮሲስን፣ ቁንጫዋ ታይፈስን የምታመጣው እሷው ናት። «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ይባል ነበር፤ መርዝ በተነዛበት ሰፈር የሚሸተት አፍንጫ አይኖርም።

የባለ ጓሮው እውነት

ይህ ሁሉ ግን ባለ ጓሮውን ዝም ለማሰኘት መዋል የለበትም። የእሱም ቅሬታ ቅንጦት አይደለም።

የሌማት ትሩፋት ከታወጀበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የከተማው ነዋሪ በየጓሮው ጎመን እንዲተክል፣ ዶሮ እንዲያረባ ሲበረታታ ቆይቷል። በካዛንቺስ ጠባብ ግቢ ሰላጣና ጎመን የሚተክል ሰው ለጌጥ አይደለም የሚተክለው። ከአሥር ጫጩት አራቱን ድመት ከወሰደችበት የቀረበት እንቁላል ነው፤ እንቁላሉም የቤት ወጪ ነው።

የጤናም ጉዳይ አለ። ድመት በዓይነ ምድሯ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ልታስወጣ ትችላለች። ጥገኛው በአፈር ውስጥ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ውስጥ በካይ ይሆናል፤ ከዚያም ለወራት ይቆያል። በእርግዝና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘች እናት ለጽንሷ ያስጋታል። በጥሬ ሥጋ በኩልም የሚተላለፍ በመሆኑ ጥፋቱን ሁሉ በድመት ላይ መጫን ልክ አይሆንም፤ ግን የተቆፈረው የሰላጣ መደብ ቀልድ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታም በዋነኛነት በውሻ ይተላለፍ እንጂ ድመትንም ይይዛል። ድመት የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ሕጉም ከባለ ጓሮው ጎን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው ከእጁ ቢያመልጥም እንኳ። «ድመት አትታሰርም» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ መከላከያ ግን አይደለም። አለመታሰሯን እያወቀ ያሳደገ ሰው፣ የጎረቤቱን ጫጩት ዋጋም አብሮ አሳድጓል። በሌላ በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል። ሕጉ የሁለቱንም ጆሮ ይይዛል፤ አንዱን ብቻ እየጠቀሱ መጮኽ ተገቢ አይደለም።

ማን ምን ያድርግ?

ባለ ጓሮው፦ ድመት የምትወደው ደረቅና ልል አፈር ነው። አዲስ የተዘራ መደብ ላይ የሽቦ ወንፊት ወይም እሾሃማ ጭራሮ ቢዘረጋ፣ አፈሩ እርጥብ ቢሆን፣ ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። የጫጩት ቤት ከላይም ከጎንም በወንፊት ሽቦ ይዘጋ። ትራፊ በክዳን ይከደን። አትክልት በሚገባ ይታጠብ፤ አፈር የነካ እጅም እንደዚያው። ከሁሉ በፊት ደግሞ በር ይንኳኳ። «እትዬ፣ ድመትዎ ጫጩት እየወሰደችብን ነው፤ ምን ይሻለናል?» ማለት ከመርዝ ይረክሳል።

ባለ ድመቷ፦ ድመቷን በቤት ትመግብ፤ የጠገበች ድመት ከጓዳ ጓዳ አትዞርም ባይባልም መዞሯ ይቀንሳል። አሸዋ ወይም አመድ ያለበት ሣጥን በቤቱ ጥግ ታስቀምጥላት። ታስከትባት። ግልገሎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ ቦይ ዳር መጣል ከመርዝ አይሻልም፤ ጭካኔውን ከዓይን ማራቅ ብቻ ነው። ጫጩት የጠፋበት ጎረቤት ሲመጣም መልሱ «ምን ላድርግ» ሳይሆን «ስንት ነበረች?» መሆን አለበት።

ከተማው፦ ሰፈር ሲያፈርስ ቆርቆሮና ድንጋይ እንደሚቆጠር ሁሉ እንስሳቱም ሊታሰቡ ይገባ ነበር። አዲስ አበባ ባለቤት አልባ ውሾችን በመርዝ የማስወገድ ዘመቻዎችን በተለያየ ጊዜ ሞክራለች፤ ውሻው ግን ዛሬም መንገድ ላይ ነው። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ የጎዳና እንስሳት ተይዘው እንዲመከኑ፣ እንዲከተቡና ወደነበሩበት እንዲመለሱ ደነገገች። በ2024 ሕጉ በውሾች ላይ ቢጠብቅም የኢስታንቡል ድመቶች ዛሬም የሰፈሩ ሰው ሳህን የሚያስቀምጥላቸው የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው። ኢትዮጵያ ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ሐኪሞችን ለአሥርት ዓመታት ስታሠለጥን ኖራለች። በየክፍለ ከተማው በዓመት ጥቂት ቀን የማምከንና የክትባት ዘመቻ ማዘጋጀት ከአዲስ የመንገድ መብራት አይከብድም። ገዳይ የነቀዝ ክኒን በየሱቁ እንደ ከረሜላ እንዳይሸጥ መቆጣጠርም እንዲሁ።

ከተማው እስኪነሳ ድረስ ግን የቀረ አንድ ተቋም አለ፤ ዕድር። ዕድር ድንኳንና ብረት ድስት ብቻ አይደለም። ጎረቤት በወር አንድ ቀን ፊት ለፊት የሚተያይበት ቦታ ነው። «በዚህ ሰፈር ግቢ ውስጥ መርዝ አይቀመጥም፤ ድመት ያጠፋችው በባለቤቷ ይተካል፤ ባለቤት የሌላትን በጋራ እናስመክናለን» ብሎ በቃለ ጉባኤ ለማስፈር የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

የግቢው ድመት ባለቤት አልነበራትም፤ ግን አሥር ቤት ያውቃት ነበር። ዛሬ አጥር ላይ ቆማ ወደ ግቢ የምታየዋ ድመት ጥያቄ ይዛ ነው የቆመችው፦ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ያላችሁ ትተዋወቃላችሁ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ጫጩቱ ይተካል፣ መደቡም በወንፊት ይሸፈናል። መልሱ «አይ» ከሆነ ግን ዛሬ ሥጋው ላይ ያለው መርዝ ነገ የማን እጅ ላይ እንደሚገኝ ማንም አያውቅም።