ዋናው ቅጂ ለምን ይደመሰሳል?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የባህል ክበባችን አባሎች ተሰብስበን ስለ አንድ ነገር ስንከራከር አመሸን። ነገሩ ለአብዛኞቹ ትንሽ ሆኖ ታያቸው፤ ለእኔ ግን ትንሽ ስላልመሰለኝ በዚች መጽሔት ለመጻፍ ተገደድኩ።

ከዛሪማ፣ ከደባርቅና ከዳባት የመጣን ተማሪዎች በየዕረፍቱ ቤት ለቤት እየዞርን ከለመንናቸው ካሴቶች ውስጥ ሁለት መቶ ያህሉ ወደ ኮምፒዩተር ገብተዋል። የሰርግ ዘፈን፣ የአዝማሪ ጨዋታ፣ የለቅሶ እንጉርጉሮ፣ ሽለላና ፉከራ አለባቸው። የተቀመጡበት ባለ 128 ጊጋባይት ፍላሽ ስለ ሞላ አንዳንድ ጓደኞቻችን ሐሳብ አቀረቡ። ሁሉም ወደ ኤም ፒ ስሪ ይለወጥ፤ ዋናው ፋይል ይደምሰስ፤ ቦታ ይገኝ አሉ።

መለወጡን አልቃወምም። የምቃወመው መደምሰሱን ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። ካሴቶቹን የገለበጥናቸው በሲዲ ልክ ነው፤ ይኸውም የድምፁ ናሙና በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይወሰዳል፤ እያንዳንዱ ናሙና በ16 ቢት ይጻፋል፤ ግራና ቀኙ ሲደመር በደቂቃ 10 ሜጋባይት ተኩል ያህል ይይዛል። አንድ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት 635 ሜጋባይት፣ ሁለት መቶው 127 ጊጋባይት መሆኑ ነው። በ128 ኪሎቢት ኤም ፒ ስሪ ብናደርገው ሁሉም ከ12 ጊጋባይት አይበልጥም። ይህን ሲያዩ ጓደኞቻችን ቢጎመጁ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ቦታ ከየት የተገኘ ይመስላቸዋል? ኤም ፒ ስሪ በጀርመን አገር በፍራውንሆፈር ተቋምና በሌሎችም ሊቃውንት የተሠራ ብልህ ዘዴ ነው፤ ጆሮ አያስተውለውም ብሎ የገመተውን እየለየ ይጥላል። የጣለውን ግን ማንም መልሶ አያመጣውም።

ግምቱም በሁሉ ላይ እኩል አይሠራም። ይህን ዘዴ በጣም ከሚያስቸግሩት ድምፆች አንዱ ጭብጨባ ነው፤ ድንገት ጠብ የሚል ድምፅ ሲመጣ ከፊቱ ትንሽ ጭጋግ ይቀድመዋል፤ ጥራቱ በተቀነሰ መጠንም ይብሳል። የእኛን አገር ሰርግ ያለ ጭብጨባ፣ ያለ እልልታ፣ ያለ መሲንቆው ፍግታ ማን ያውቀዋል?

በራሴ የደረሰውን ልናገር፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። ዛሪማ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የአክስቴን ሰርግ ካሴት ወደ አንድ ሙዚቃ ቤት ወስጄ ለስልኬ አስገለበጥሁ። የተሰጠኝ ኤ ኤም አር በሚባለው፣ በሰከንድ 8,000 ናሙና ብቻ በሚይዘው የስልክ ፎርማት ነበር። እኔ ምን አውቄ! በስልኬ ሲዘፍን ደስ ብሎኝ በካሴቱ ላይ ከሬዲዮ ሌላ ዘፈን ቀዳሁበት። ከዓመታት በኋላ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ስንከፍተው መሲንቆው በቆርቆሮ ውስጥ እንደ ገባ ዝንብ ሆነ፤ አያቴ ሙሽራዋን ስትሸኝ የገጠመችው ግጥም አንዱም ቃል አልለይ አለ። እናቴ ጥቂት አዳመጠችና «ይህ የእማማ ድምፅ አይደለም» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ሁለተኛ ካሴት የለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዛሪማ በዘለቀ ጊዜ ሰው ነፍሱን ይዞ ሊማሊሞን ሲወጣ ካሴት የተሸከመ ማን ነበር? እኛ የሰበሰብነው ከዚያ የተረፈውን ነው።

አንዱ ጓደኛዬ «የምንሰማው በስልክ አይደለምን? ልዩነቱን ማን ያውቃል?» አለኝ። ለዛሬ ልክ ነው። ነገ ግን የአዝማሪውን ፈጣን ቃል አዝግሞ የሚያጠና፣ የካሴቱን ሹክታ አጥርቶ ግጥሙን የሚጽፍ ሰው ይመጣል፤ እሱ የሚፈልገው ያልተነካውን ነው። አምሐ እሸቴ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1969 አምሐ ሪከርድስን ባቋቋመ ጊዜ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ እነዚያን ዘፈኖች «ኢትዮፒክስ» ብሎ ለዓለም ያሰማል ብሎ ያሰበ ነበርን?

ደግሞ ተቃራኒ ስሕተት አለ። በክበባችን በ64 ኪሎቢት የደረሱንን ፋይሎች ወደ 320 «እናሳድጋቸው» የሚሉ አሉ። ቅራሪ በትልቅ ጋን ቢገለበጥ ጠላ አይሆንም። ፋይሉ ይወፍራል እንጂ የጠፋው አይመለስም፤ እንዲያውም እንደ ገና ሲጨመቅ ሌላ ይጎድልበታል። እንዳሉ ይቀመጡ።

ታዲያ ቦታው ከየት ይምጣ? ፍላክ የሚባል ፎርማት አለ፤ በአውሮጳ አቆጣጠር ከ2001 ጀምሮ ያለ ገንዘብ ለሁሉ ክፍት ነው። ድምፁን አጥፎ ያስቀምጣል፤ ምንም አይጥልም፤ ሲዘረጋ አንዲት ቢት ሳትጎድል ይመለሳል። ቦታውን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል፤ ሹክታ የበዛበት ካሴት ትንሽ ከፍ ይላል። እንግዲህ 127ቱ ወደ 70 ወይም 80 ጊጋባይት ቢወርድ እዚያው ፍላሽ ላይ ለአዲስ ካሴት ቦታ ተገኘ ማለት ነው። ለስልክ የሚሆነውን ኤም ፒ ስሪ ከፍላኩ እያወጣን እናድል፤ ቢጠፋም ሌላ እናወጣለን።

ሥራው በአንድ ሌሊት ያልቅ ይሆናል፤ መብራት ካልሄደ። ከሄደ ግን በመካከል የተቆረጠ ፋይል ሙሉ መስሎ ይቀራልና ጠዋት ቁጥሩንና የእያንዳንዱን ርዝመት ማስተያየት ያስፈልጋል። ፍላክ የድምፁን መፈተሻ ቁጥር በውስጡ ስለሚይዝ ምርመራው ቀላል ነው። ይህ ሳይደረግ ዋናውን የሚነካ እጅ አይኑር።

ስሞቹንም አትርሱ። ዩኒኮድ ፊደላችንን የተቀበለው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዘዴ የተጻፈ ስም ዛሬ በላቲን ፊደል የተዝረከረከ ነው፤ በአንዳንድ አሮጌ ኤም ፒ ስሪም አማርኛው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይታያል። ማን ዘፈነ? የት ሰርግ ላይ? ማን አቀበለን? ይህ ከድምፁ ጋር ካልተሻገረ «ትራክ 07» የሚባል ወላጅ አልባ ይቀርልናል። ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቀን በግዕዝ ፊደል እንጻፈው። ሁለተኛ ቅጂም ጎንደር ካሉት ጓደኞቻችን ዘንድ ይቀመጥ፤ ለአንድ ፍላሽ የሚሆን መዋጮ ከሻይ ገንዘባችን አይጠፋም።

ድምፅ የምንሰጠው በሚመጣው ቅዳሜ ነው። ላፕቶፔን ይዤ እመጣለሁ፤ ከአንድ የዳባት ሰርግ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አሰማችኋለሁ። መጀመሪያ ጭብጨባውን አድምጡት።