ውዝዋዜ ተምሮ ወዴት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ይህችን አጭር አሳቤን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳ አቅራቢያ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በባህል ክበባችን ውዝዋዜ ጀምራ፣ ኋላም በግሏ ሁለት ዓመት የሠለጠነች የቀድሞ ተማሪዬ በቅርቡ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ሥልጠናውን ጨረስሁ፤ እንግዲህ ወዴት ልሂድ?» አለችኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጭፈራ የዋዛ ነገር ነው እየተባልሁ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ «ይቅርብሽ፤ የቢሮ ሥራ ፈልጊ» ብዬ አሰናበትኋት። መንገድ ለጠየቀ ሰው «ተመለስ» ማለት መምራት አለመሆኑ የገባኝ ከሄደች በኋላ ነው።

የመድረክ ውዝዋዜ በአገራችን ሙያ ከሆነ ቆይቷል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውም በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ። በእነዚህ ቤቶች ተወዛዋዥ እንደ ማናችንም በደመወዝ ይቀጠራል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1996 ደግሞ እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም የአዲስ አበባን የጎዳና ልጆች ዳንስ ማሠልጠን ጀመረ፤ ከዚያም «አዱኛ» የተባለው ቡድን ወጣ። ከቡድኑ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 በሮሌክስ የሥነ ጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ በጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር ተማረ፤ ከባልንጀራው ከአዲሱ ደምሴ ጋርም «ደስቲኖ» የተባለውን የዳንስ ቡድን መሠረተ። ልጁ ተሰጥዎ ነበረው፤ ነገር ግን ከሥልጠናው ወደ ሥራው የሚያሻግረው ሰውም አግኝቷል።

የቴአትር ቤቶቹ ቦታ ጥቂት ነው። የቀሩት በየምሽት ቤቱ ግንባራቸው ላይ በሚለጠፍ ብር ያድራሉ። ይህን አልንቅም፤ መላኩ በላይም በካዛንቺስ በነበረው በፈንድቃ አዝማሪ ቤት እንዲሁ ጀምሮ ቤቱን እስከ መያዝና ስሙን በውጭ አገር እስከ ማስጠራት ደርሷል። ነገር ግን አንድ ሰው ዋኝቶ ስለ ተሻገረ ድልድይ አያስፈልግም አይባልም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ቴአትር ቤቶች በየዓመቱ ጥቂት ሠልጣኞችን በመጠነኛ አበል ተቀብለው ከነባሮቹ ጋር ያሠሯቸው፤ እኛም ሥራ የለመድነው በሙከራ ጊዜ ነውና። ሁለተኛው እኛኑ የመሥሪያ ቤት ሰዎችን ይመለከታል። ለበዓል ተወዛዋዦችን ስንጠራ አስቀድመን ውል እንጻፍ፤ ዋጋቸውንም በዕለቱ እንክፈል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቀሚሱን ከእጁ ሳያወጣ ዋጋውን ይቀበላል፤ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ የምትወዛወዘው ልጅ ግን ከጭብጨባው በኋላ «ነገ ተመለሽ» ትባላለች።

ተማሪዬን አስጠርቼ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «ወዴት ልሂድ?» ላለችው ግን እኔ ብቻዬን መልስ አልሆንም።

አክባሪዎ
አንድ መምህር
ከጉለሌ