ለላፕቶፕ የሚሆን ትንሽ ቻርጀር እንዴት ይመረጣል?

በዛሬ ጊዜ በአንድ ቤት ውስጥ የእናት ላፕቶፕ፣ የአባት ሞባይልና የልጆች ታብሌት አብረው መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ከእነዚህም መካከል የላፕቶፑ ቻርጀር ብዙ ጊዜ እንደ ጡብ የከበደ ስለ ሆነ፣ ወደ መስክ ሥራ የሚሄድ ሠራተኛ በቦርሳው መሸከም ይሰለቸዋል። ስለዚህ ብዙዎች ሁሉን የሚያገለግል ትንሽ ዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር ለመግዛት ያስባሉ። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን መልካቸው አንድ፣ ሥራቸው ልዩ ልዩ የሆነ ቻርጀሮች በገበያ ስለሚገኙ፣ ዋጋ ከመክፈል አስቀድሞ ጥቂት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ባለማወቅ የተገዛ ቻርጀር ገንዘብ ከማባከኑም በላይ፣ ሪፖርት በሚጻፍበት ሌሊት ላፕቶፑን ባዶውን ያሳድረዋል።

አስቀድመን ስለ ስሙ እንናገር። ዩኤስቢ-ሲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የወጣ፣ ጫፉ ሞላላ የሆነ፣ ላዩና ታቹ የማይለይ መሰኪያ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 ባወጣው ሕግ፣ ሞባይሎች ከ2024 ዲሴምበር መጨረሻ ጀምሮ፣ ላፕቶፖችም ከ2026 ኤፕሪል መጨረሻ ጀምሮ በዚሁ መሰኪያ እንዲሞሉ አዝዟል። ሆኖም ስሙ የሚናገረው የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ የሚያልፍበትን ኃይል አይደለም። እንዲያውም አንዳንድ ላፕቶፕ በዚህ ቀዳዳ መረጃ ብቻ ያስተላልፋል እንጂ ባትሪውን አይሞላበትም። ይህን ከላፕቶፑ መመሪያ ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ልኩን ማወቅ ነው። ለዚህም ሦስት ቃላት ይበቃሉ። ቮልት የኤሌክትሪኩ ግፊት መለኪያ ነው። አምፔር የሚፈስሰው መጠን መለኪያ ነው። ሁለቱ ሲባዙ ዋትን ይሰጣሉ። በቻርጀሩ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት 20 ቮልትና 3.25 አምፔር ተጽፎ ቢገኝ፣ ኃይሉ 65 ዋት ነው ማለት ነው። በ2020 የወጣው ማክቡክ ኤር ባለ 30 ዋት ቻርጀር ነበረው፤ ብዙዎቹ የቢሮ ላፕቶፖች 45 ወይም 65 ዋት ይፈልጋሉ፤ በ2021 የወጣው ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ግን ባለ 140 ዋት ቻርጀር ይዞ መጣ። እንግዲህ አሮጌውን ቻርጀር ገልብጦ ማንበብ ከሻጭ ምክር ይበልጣል። በአዲሱም ላይ ፓወር ዴሊቨሪ የሚለው ስምና 20 ቮልት የሚለው ቁጥር መኖራቸውን ማየት ይገባል፤ 5 እና 9 ቮልት ብቻ የሚሰጥ የሞባይል ቻርጀር አብዛኛውን ላፕቶፕ በሚገባ ሊሞላ አይችልምና።

ኃይሉ የበዛ ቻርጀር ሞባይሌን ያቃጥልብኛል ብለው የሚሠጉ ሰዎች አሉ። በደንብ ከተሠራ ቻርጀር እንዲህ ያለ ጉዳት አይመጣም። ገመዱ እንደ ተሰካ ቻርጀሩ ሊሰጥ የሚችለውን ልክ ሁሉ ይዘረዝራል፤ ሞባይሉም ወይም ላፕቶፑ የሚስማማውን መርጦ ይጠይቃል። ቻርጀሩ ማዕድ ያቀርባል እንጂ አያጎርስም። ኃይሉ ያነሰ እንደ ሆነ ግን ላፕቶፑ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ወይም እየተሠራበት ባትሪው ይጎድላል፣ ወይም ጨርሶ አይቀበልም። ሁለት ቀዳዳ ባለው ቻርጀር ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ የድምሩ ነው፤ ሞባይል በጎኑ ሲሰካ የላፕቶፑ ድርሻ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው ጥቂት ከፍ ያለውን መግዛት ብልኅነት ነው።

ትንሽነቱስ ከየት መጣ? በአዲሶቹ ቻርጀሮች ውስጥ በሲሊከን ፈንታ ጋሊየም ናይትራይድ የሚባል ነገር ይገኛል። ይህም ኤሌክትሪኩን እጅግ በፍጥነት ስለሚከፍትና ስለሚዘጋ፣ በሙቀት የሚባክነውም ኃይል ስለሚያንስ፣ የውስጡን ትራንስፎርመር ማሳነስ ተችሏል። እንግዲህ ትንሽነት ብቻውን የማታለል ምልክት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ገመዱን ነው። ተራው ዩኤስቢ-ሲ ገመድ ከ3 አምፔር አያሳልፍም፤ ይህም በ20 ቮልት 60 ዋት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለማሳለፍ በጫፉ ውስጥ መለያ ቺፕ ያለበት ባለ 5 አምፔር ገመድ ያስፈልጋል። ቻርጀሩ 100 ዋት ቢሆንም ገመዱ ደካማ ከሆነ ላፕቶፑ 100 ዋት አያገኝም።

በመጨረሻም የቤተሰቡን ደኅንነት እናስብ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለ ሆነ፣ በቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት መቀበሉ ተጽፎ መገኘት አለበት። መሰኪያውም በግድግዳው ሶኬት ውስጥ ሳይላላ የሚገባ ይሁን። በክፉ አሠራር የተሠራ ቻርጀር ብርቱውን ኤሌክትሪክ ከደካማው የሚለየው መከለያ የሳሳ ስለሚሆን፣ ገመዱን የነካ ሕፃን በኤሌክትሪክ ሊመታ ይችላል። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ እንደሚባለው፣ በካርቶኑ ላይ ፈጣን፣ እጅግ ፈጣን የሚል የስም ጌጥ ሲበዛ፣ ዋትና ቮልቱ ግን ሳይጻፍ ሲቀር መጠርጠር ይገባል። የሚገዛ ሰው ላፕቶፑን ወደ ሱቅ ይዞ ሄዶ፣ በዚያው ሰክቶ መሙላቱን አይቶ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ ይመለስ። ቤትም ሲደርስ ቻርጀሩን ከአልጋ ልብስና ከትራስ ሥር አርቆ፣ አየር በሚያገኝበት ስፍራ ያኑረው።